ይሄን ቀጭን ልጅ አያበሉትም እንዴ?

ስለ መድኃኒት የማውቀው ራሴን ሲያመኝ የምውጠውን ነጭ ክኒን ብቻ ነበር። አሁን ግን ጠይቁኝ። አሜሪካ ውስጥ የትኛው ሆስፒታል የፋርማሲ ሬዚደንት እንደሚቀበል፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ገጽ በፈገግታ ፎቶ ተሞልቶ ኃላፊዋ ግን ፊቷን ቋጥራ እንደምትውል አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ይሄን ሁሉ የተማርኩት ዳሒዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኩሽና ቆሜ ሩዝ የሚሞላበት ዝኩኒ ስቦረቡር ነው።

ዳሒዬ የቤይሩት ደቡብ ዳርቻ ነው። ፎቅ ከፎቅ ተጠግቶ የተሠራ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው ከራሳችን በረንዳ ሆነን ነው። የምሠራበት ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። ማዳሜ አለች፤ የማዳሜ እናት ቴታ አለች፤ ቴታ ማለት አያት ማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራት። ከዚያ የማዳሜ ልጅ ሪም አለች። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሪም ናት።

ሪም ፋርማሲ ተምራ ተመርቃለች። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ሲያበቃ አንድ ቀን መጥታ ሬዚደንሲ ካላገኘሁ ኸላስ፣ ሕይወቴ አበቃ አለችኝ።

"ምንድነው እሱ?"

"ሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሞች ጋር እየዞርሽ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት የምትመረምሪበት ሥልጠና ነው። አንድ ዓመት።"

"ያኒ ተምረሽ ከጨረስሽ በኋላ እንደገና ልትማሪ?"

"ኤህ" አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

"ለዚህ ብለሽ አሜሪካ ድረስ?"

"ኤህ፣ ሀቢብቲ። ኤህ።"

እኔ አስራ ሁለተኛን የጨረስኩ ዕለት ደብተሬን በሙሉ ለጎረቤት ልጆች አድዬ እፎይ ያልኩ ሰው ነኝ። በፈቃዱ ወደ ትምህርት የሚመለስ ሰው አይገባኝም። ግን ሪም ጠይቃኝ እምቢ የምላት ነገር የለም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ወደ ጨዋታችን እንመለስ።

ሰፈራችን በቦምብ የተደበደበ ጊዜ ሰው ሻንጣ እንኳን ሳይዝ ነበር የሚወጣው። በየቤቱ በር ተቆልፎባቸው የቀሩ የሀገሬ ልጆች ነበሩ፣ አውቃቸዋለሁ። እኛም ቤት ማዳሜ መኪናው ውስጥ ሆና "ቦታ የለም፣ ሞልቷል" አለች። አልዋሸችም፣ በእርግጥ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ግን ምንጣፍ ነው። ሪም ከመኪናው ወረደች። ምንጣፉን ጎትታ መንገድ ላይ ጣለችው። ከዚያ ሽቅብ ወጥታ ፓስፖርቴን ከማዳሜ መሳቢያ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝና "ያላ፣ ግቢ" አለችኝ። ቴታን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወጣን። ፓስፖርቴ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ምንጣፉን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ማዳሜ ግን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

እና እንዲህ ያለች ልጅ እርጂኝ ካለችኝ እረዳታለሁ። አበላሽ ይሆናል እንጂ እረዳታለሁ።

ሪም ቀን ቀን ኻልዴ በሚባል ሰፈር፣ መንገድ ዳር ያለ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ባለቤቱ ሠራተኛ ስልክ ስትነካ ካየ ጉድ ይፈላል። ሆስፒታሎቹ ደግሞ ነገራቸውን ሁሉ የሚለጥፉት በማህበራዊ ሚዲያ ነው። ዛሬ ይለጥፋሉ፣ ነገ በቪዲዮ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ያልተመዘገበ ቀረበት። ስለዚህ ሪም የራሷን አካውንት እኔ ስልክ ላይም ከፈተችው።

"አንቺ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ስልክሽ ላይ ነሽ" አለችኝ።

ስድብ ነው። ግን እውነት ነው።

ሥራዬ ቀላል ነበር፤ አዲስ ነገር ሲለጠፍ አይቼ ለሪም መላክ። ግን እኔ አይቶ ማለፍ አልሆነልኝም። አንዱ ሆስፒታል የሬዚደንቶቹንና የአሠልጣኞቹን ፎቶ ለጠፈ። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ዳር ላይ አንድ ቀጭን፣ ካፖርቱ መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ የሚወዛወዝበት ልጅ ቆሟል። አሳዘነኝ። በእጄ ዝኩኒ፣ በአውራ ጣቴ ስልክ ይዤ፣ ከፎቶው ሥር በአማርኛ ጻፍኩ፦ "ይሄን ቀጭን ልጅ አያበሉትም እንዴ?" የሚያለቅስ ፊትም ጨመርኩበት። የሪም አካውንት ላይ መሆኔን ያወቅኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለመሰረዝ ሄድኩ፤ አንድ ሰው በልብ ምልክት ወዶልኛል። ሰው የወደደውን ነገር ማጥፋት ነውር መሰለኝና ተውኩት። ደግሞስ አሜሪካ ውስጥ ማን አማርኛ ያነባል?

እንዲህ ነበር ያልኩት። አዎ፣ ታውቃላችሁ ምን እንደሚመጣ። ቆዩ።

የመጀመሪያውን የቪዲዮ ስብሰባ ያበላሸሁት ደግሞ በሰዓት ነው። ማስታወቂያው በቤይሩት ሰዓት ከቀኑ ሦስት ሰዓት ይላል። እኔ ደግሞ እዚህ ሀገር ይሄን ያህል ዓመት ኖሬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ አሁንም በልቤ የሀገሬን ነው የማነበው። የነሱ የቀን ሦስት የኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትልቅ አድርጌ "ዘጠኝ" ብዬ በቁጥር ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላት። ሪም ዘጠኝን አየች፣ የነሱ ጠዋት ዘጠኝ መስሏት አሠሪዋን ግማሽ ቀን ለምና አስፈቀደች፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀመጠች። ማንም የለም። ኮምፒውተሩ የራሷን ፊት ብቻ ሲያሳያት አረፈደ። ከቀኑ ሦስት ላይ ስብሰባው ሲጀመር እሷ ተመልሳ ሥራ ላይ ናት። ደወልኩላት። ስብሰባውን የተካፈለችው በፋርማሲው ዕቃ ቤት፣ በሕፃን ዳይፐር ካርቶኖች መካከል ቆማ፣ በሹክሹክታ ነው።

የዚያን ቀን ማታ መጥታ አልጮኸችብኝም። "ከዛሬ ጀምሮ የሰው ሰዓት ጻፊልኝ" ብቻ አለችኝ።

"የኔስ የሰው አይደለም?"

ሳቀች። እኔ ግን ቆጨኝ። ስለዚህ ለቀጣዮቹ ስብሰባዎች ራሴን ሚኒስትር አድርጌ ሾምኩ፤ የመብራት ሚኒስትር። የቤይሩት መብራት ከመንግሥት ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ የምንኖረው ሰፈሩ ውስጥ ባለ ጄኔሬተር ነው። በኮንትራት የምናገኘው አምስት አምፔር ነው። አምስት አምፔር ማለት ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ አብረው ይሠራሉ፤ ካውያ ከተጨመረ ግን ጠቅ! ቆጣሪው ይዘጋል፣ ቤቱ ይጨልማል፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሞታል። መክፈቻው ምድር ቤት በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ያለው የሕንፃው ዘበኛ ጋ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ የትም ሊሆን ይችላል። ይሄን ሒሳብ በዚያ ቤት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ማዳሜ እንኳን ፀጉሯን ልታደርቅ ስትል ከሳሎን "ላድርቅ?" ብላ ትጠይቀኛለች።

ሪም ለስብሰባ ስትቀመጥ ከጀርባዋ የሚሆነው መስኮት መስታወቱ በቦምቡ ረግፎ ገና ናይሎን ነው። ነፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይርገበገባል። እዚያ ላይ ነጭ አንሶላ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ ግድግዳ አስመሰልኩት። አንድ ቀን መቆንጠጫው ሲወልቅ ስብሰባው እስኪያልቅ ከኋላው ቆሜ በእጄ ይዤዋለሁ። የቴታ ድመት ሳትገባ፣ ቴታም ሳትገባ፣ ሁሉም በሰላም አለፈ። ሪም ተጠየቀች፣ ጠየቀች፣ ስሟን አስመዘገበች። በመጨረሻ ማመልከቻ ከላከችላቸው ሁሉ አንድ ሆስፒታል ብቻ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። አንድ። ሌሎቹ ይቅርታ ብለዋል። ያ አንዱ ደግሞ የቱ ይመስላችኋል? የቀጭኑ ልጅ ሆስፒታል።

የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ግን ለሪም አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?

የቃለ መጠይቁ ዕለት በሰው ሰዓት ከቀኑ አራት ነበር። ሁሉን አጠፋሁ። ማጠቢያውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የቴታን ማሞቂያ። ቴታ ሳሎን ተቀምጣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ሪም ጥቁር ኮት ለብሳ ጀመረች። በበሩ ቀዳዳ አየኋት። አንገቷ ተገትሯል። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ በፎቶዎቹ ላይ ሁሉም ነጭ ካፖርት ነው የለበሱት! ሪም ረስታለች! ካፖርቷ ቅርጫት ውስጥ ተጨማዶ ነው ያለው። ፈጥኜ ተኩሼ በበሩ ባቀብላትስ?

ውሃ ማሞቂያውን ለቴታ ገላ ብዬ ጠዋት እንዳበራሁት ረስቼዋለሁ። ካውያውን ሰካሁ።

ጠቅ።

ከሪም ክፍል የመጣው ድምፅ ጩኸት አልነበረም። ጩኸት በሆነ። "አሕ" ብቻ ነው፤ ሰው ከእጁ ላይ ብርጭቆ ሲወድቅበት እንደሚለው።

"ማን ነው?" አለች ወጥታ። ካውያውን ነቅዬ በእጄ ይዣለሁ። ማን ነው ትለኛለች?

"ካፖርትሽን..."

"ማንም ካፖርት አይለብስም ለቃለ መጠይቅ!" ስልኳን አነሳች፤ የኢንተርኔት ጥቅሏ አልቋል፤ ቤት ውስጥ በቤቱ ኢንተርኔት ስለምትጠቀም አልሞላችም። እኔ ግን ሞልቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የሀገሬ ሴቶች በቪዲዮ ስብሰባ የሃይማኖት ትምህርት፣ ደርስ፣ አለን፤ አስተናባሪዋ እኔ ነኝ። ስልኬን ሰጠኋት። ሊንኩን ከፈተች፣ ተመልሳ ገባች። በኩሽናው መስኮት በኩል ነው ኔትወርክ የሚይዘው፤ እዚያ ቆመች። ስልኩን የሚደግፍ ነገር ስለሌለ ደጋፊው እኔ ሆንኩ። ከጀርባዋ ድስት፣ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን፣ ግማሽ የተቦረቦረ ዝኩኒ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች። አንዲት ፊቷን የቋጠረች ኃላፊ፣ አንድ ራሰ በራ፣ እና እሱ። ቀጭኑ ልጅ። በቪዲዮ ደግሞ ከፎቶው የባሰ ነው።

ቀጭኑ ልጅ ስክሪኑን ተጠግቶ አንድ ነገር አነበበ። ከንፈሩን ነከሰ። ቡና ሊጠጣ ያነሳውን ኩባያ መልሶ አስቀመጠ። ምን እንደሚያነብ ገባኝ። የደርስ ሴቶቻችን ማይክ አይዘጉም፤ ኡስታዙ ሲያስተምር የአንዷ ማዳም ትሳደባለች፣ የሌላዋ ማደባለቂያ ይጮኻል። በቃል ብለምን ብለምን እምቢ ስላሉኝ ስብሰባ ላይ የሚታየውን ስሜን ቀይሬ ነበር። አሁን ከሪም ፊት ሥር፣ በአማርኛ፣ በትልቁ ተጽፎ ያለው ስም "ማይካችሁን ዝጉ" ነው።

እና አማርኛ ያነባል! ሐበሻ ነው! ስለ ቀጭንነቱ የጻፍኩትን የወደደልኝ ማን እንደነበረ በዚያች ሰከንድ ገባኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሪም በስክሪኑ ላይ እንደ መርከብ ተሳፋሪ ትወዛወዛለች። በእግሯ ረገጠችኝ።

ኃላፊዋ ጠየቀች፤ ይሄን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጭምር በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሪም ስትለማመድ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፦ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ስህተት ያገኘሽበትን ጊዜ ንገሪን። መልሱም አለኝ፤ ፋርማሲው ውስጥ ስለ መጣ አንድ ማዘዣ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ መጨረሻው ላይ ፈገግታ አለው።

ሪም አልጀመረችውም። እኔ በሹክሹክታ የመጀመሪያውን ቃል ልነግራት ነበር።

"ስህተቱ የተገኘው በቤቴ ነው" አለች። "ያገኘሁት ግን እኔ አይደለሁም። ያገኘችው ይሄን ስልክ ይዛ የቆመችው ናት።" ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደኔ አዞረችው።

ሻርፔ ተንሸራቷል። አፍንጫዬ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ግን አራተኛ ፎቅ ነን።

"እህቴ" አለኝ ቀጭኑ ልጅ በአማርኛ፣ "'ማይካችሁን ዝጉ' አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ለደርስ ነው። ሴቶቹ አይሰሙም።"

"ስለ ቀጭኑ ልጅ የጻፍሽውም አንቺ ነሽ?"

"እሱን ሪም አታውቅም! በአላህ፣ ወንድሜ፣ በሷ እንዳትቆጥሩባት። የምትቆጡ ከሆነ እኔን ተቆጡ። ካውያውንም የሰካሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።"

"የምን ካውያ?"

"ተወው።"

ሳቀ። "አትጨነቂ። እናቴም በየቀኑ እየደወለች ያንኑ ነው የምትለኝ። አሁን የመድኃኒቱን ነገር ንገሪያቸው፣ እኔ እተረጉማለሁ።"

ነገርኳቸው። የቴታን ክኒን የምሰጠው እኔ ነኝ። ማዳሜ የጻፈችልኝ ወረቀት በዓረብኛ ነው፤ ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። ስለዚህ በደብተሬ ከሣጥኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በሙሉ እገለብጥ ነበር፣ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል፤ አጠገቡ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ እስላለሁ። መድኃኒት ከገበያ የጠፋ ጊዜ የቴታ የደም ግፊት ክኒን በሌላ ሣጥን ተተክቶ መጣ። ኋላ ደግሞ ዘመድ ከውጭ የድሮውን ላከ። ማዳሜ ሁለቱም ይሰጣት አለች። ቴታ ተነስታ ስትቆም ራሷን ያዞራት ጀመር፤ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወደቀች። እርጅና ነው አሉ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ትልቁ ስም የተለያየ ነው። ከሥሩ ያለው ትንሹ ስም ግን አንድ ነው፤ ፊደል በፊደል። ትልቁ ስም ለመሸጫ ነው፣ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ትንሹ ነው ማለት ነዋ! ሪም ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ጠብቄ ደብተሩን አሳየኋት።

"ምን አልሻት?" አለ ቀጭኑ ልጅ።

እኔ መዋሸት አልችልበትም። "ፋርማሲስት ቤት ውስጥ እያለች እኔ ነኝ እንዴ የማየው? አልኳት።"

ተረጎመው። ራሰ በራው ሳቀ። ኃላፊዋ አልሳቀችም፣ ጻፈች። ከዚያ ሪምን ጠየቀቻት፤ ያን ጊዜ ምን አደረግሽ?

"መጀመሪያ አፈርኩ" አለች ሪም። "ከዚያ ደብተሯን ገለበጥኩ። አሁን ፋርማሲ የሚመጣን ሽማግሌ ሁሉ ቤት ያለውን ሣጥን በሙሉ በከረጢት ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ከእሷ ነው የተማርኩት።"

ከእሷ ነው የተማርኩት። ይሄን በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ስልኩን መልሼ ስይዝ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያች ቅጽበት ዘበኛው ከየትም መጥቶ ቆጣሪውን አነሳው። ያጠፋሁት የመሰለኝ ቴሌቪዥን ለካ ቴታ መልሳ ከፍታው ኖሯል፤ ከሳሎን የተከታታይ ድራማ ለቅሶ በሙሉ ድምፅ ፈነዳ። ቴታ ከላዩ ላይ "ነይ፣ መብራት መጣ፣ ገላዬን አጥቢኝ!" ትላለች።

"ማይካችሁን ዝጉ!" አለ ቀጭኑ ልጅ በአማርኛ።

ኃላፊዋ ምን አልክ ብላ ጠየቀችው። ሲነግራት ፊቷ ተፈታ። ሳቀች። የተቋጠረው ፊት የሥራ ፊት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ተዉት። ሪም በየቀኑ ኢሜይሏን ከፍታ ትዘጋለች። እኔ በየሶላቴ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ካውያ አይቼ እንኳን እጄን እሰበስባለሁ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ሪም ከታክሲ ወርዳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ስትመጣ አየሁ። ከመንገድ ላይ "ተቀበሉኝ!" ብላ ጮኸች። ማዳሜ ከመስማቷ በፊት ሰፈሩ ሰማ። እልል አልኩ፤ የወሎ እልልታ፣ ሦስት በረንዳ ተከፈተ። የያዝኩት የቴታ ቀሚስ አራት ፎቅ ወረደ።

ማዳሜ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ ኩሽና መጣች። በሩ ላይ ቆማ ማቀዝቀዣውን እያየች "ሜርሲ" አለችኝ። ማዳሜ ሜርሲ ብላ የምታመሰግነው እንግዳን ብቻ ነው። እኔም ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ "ቡና ላፍላ?" አልኳት። መልአክ አልሆነችም፤ በማግስቱ ስለ ምንጣፉ አንስታለች። ግን ሜርሲዋን አልረሳሁም።

ሪም የሄደች ዕለት ደብተሬን ለመነችኝ። አዲስ ደብተር ገዝታ ለቴታ የሚያስፈልገውን ገልብጣልኝ አሮጌውን ወሰደችው፤ ፀሐይና ጨረቃውንም ራሷ ናት የሳለችልኝ። ፀሐይ መሳል አትችልም፣ እንቁላል ነው የሚመስለው። አልሐምዱሊላህ፣ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ የክኒን ሣጥኖቹን በካሜራው ፊት አንድ በአንድ አሳልፋለሁ፣ ትልቁን ስም ትታ ትንሹን ታነባለች።

ባለፈው ሆስፒታሉ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። ነጭ ካፖርቶች ተደርድረዋል። ቀጭኑ ልጅ ያው ዳር ላይ ነው። ከአጠገቡ ሪም አለች። ሥራው ይሁን ብርዱ አላውቅም፣ ጉንጯ ገባ ብሏል። ዝኩኒዬን አስቀምጬ፣ እጄን ጠርጌ፣ ከፎቶው ሥር ጻፍኩ፦ "ይቺን ልጅ አደራ፣ አብሉልኝ።"

ከላክሁት በኋላ ነው ያየሁት። ስልኬ ላይ አሁንም የሪም አካውንት ነው የተከፈተው። ሪም በገዛ ስሟ፣ በማታነበው አማርኛ፣ አብሉኝ ብላ ሆስፒታሉን ሙሉ ለምናለች።

ልሰርዘው ጣቴን አነሳሁ። ቀጭኑ ልጅ በልብ ምልክት ወዶታል።

ተውኩት።